የከረመ ቢራ ዋጋው ምን ላይ ነው? በወይን ጠጅ በርሜል የቆየ ጥቁር ቢራ አቀማመሱና ሂሳቡ

ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ የመሸሃን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከተራራው ጫፍ በፊት የሚያድርባት መንደር አምቢኮ ትባላለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ቁልቁለት ላይ የገበሬው ዋነኛ እህል ገብስ ነው። ከሰሜን ተራሮች ሥር የሚሰበሰበው ገብስ ደባርቅና ዳባት ገበያ ሲደርስ በኩንታል ይመዘናል፤ ነጋዴው እፍኝ ዘግኖ አይቶ፣ በጥርሱ ሰብሮ፣ ዋጋ ይናገራል። ገበሬው በዚያው ቀን ጨውና ስኳሩን ሸምቶ ይመለሳል።

ያው ገብስ ብቅል ሲሆን ዋጋው ይጨምራል። ቢራ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጨምራል። ቢራው ጥቁር ሆኖ ተጠምቆ ወይን ጠጅ በነበረበት የእንጨት በርሜል ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ከከረመ ግን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ከተለመደው ቢራ ብዙ እጥፍ ይሸጣል። ውሃው ያው ውሃ፣ ገብሱም ያው ገብስ ነው። ታዲያ ጭማሪው ከየት መጣ? ገዢው በእርግጥ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ይህን ዓይነት መጠጥ ለማስመጣት፣ ለማከፋፈል ወይም ለመጥመቅ የሚያስብ ባለሀብት መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ የሚገኘው በሂሳብ መዝገብ ላይ ብቻ ሳይሆን በምላስ ላይ ጭምር መሆኑን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

አሠራሩ

እንደሚታወቀው የቢራ ጥቁርነት የሚመጣው ከተቆላ ብቅል ነው። ጠማቂው ከጠቅላላው ብቅል ጥቂቱን እንደ ቡና እስኪጠቁር ይቆላዋል፤ ቀለሙም፣ የቡናና የቸኮሌት ጣዕሙም ከዚያ ይገኛል። ለማክረም የሚታሰበው ጥቁር ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ከተራው ቢራ ይልቅ ጠንከር ተደርጎ ይጠመቃል። የአልኮል መጠኑ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ነው። ቀጭን ቢራ በእንጨት ውስጥ ብዙ ሲቆይ ይደክማል፤ ወፍራሙ ግን የሚሸከመው አለው።

በርሜሉ የሚሠራው ኦክ ከሚባለው የባሕር ማዶ ዛፍ ነው። በወይን ጠጅ ሥራ በብዛት የሚታወቀው የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል። በርሜል ሠሪው ሳንቃዎቹን በእሳት እያሞቀ ያጎብጣቸዋል፤ የውስጡንም ገጽ ለብ ለብ አድርጎ ይጠብሰዋል። አዲስ በርሜል ለወይን ጠጅ የሚሰጠው የእንጨት ጣዕም በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወይን ጠማቂው በርሜሉን “ደክሟል” ብሎ ያስወጣዋል። ቢራ ጠማቂው የሚፈልገው ይህን ነው። በሳንቃው ውስጥ ሰርጎ የቀረው ወይን ጠጅ፣ የቀረው የእንጨት ጣዕምና በቀዳዳዎቹ ቀስ እያለ የሚገባው አየር በአንድነት ቢራውን ይለውጡታል። የአንዱ ንግድ ተረፈ ምርት የሌላው ጥሬ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። የአሜሪካ ሕግ ቡርበን የሚባለው ውስኪ በአዲስና ውስጡ በከሰለ በርሜል እንዲቆይ ስለሚያስገድድ፣ አንድ ጊዜ ያገለገለ የውስኪ በርሜል በገበያ ላይ በብዛት ይገኛል። በዚህ በርሜል የሚከርም ጥቁር ቢራ ቫኒላና የውስኪ ትኩሳት ይኖረዋል። የወይን ጠጅ በርሜል ግን ዘቢብ፣ ፕሪምና ቀላል ኮምጣጣነት ይሰጣል። ውስኪው በአልኮሉ ብርታት በርሜሉን ከተሐዋስያን በመጠኑ ሲጠብቅ፣ ወይን ጠጅ ያን ያህል አይጠብቅም። ስለዚህ የወይን ጠጅ በርሜል ጣዕሙ የበለጠ ውስብስብ፣ ሥጋቱም የበለጠ ከፍተኛ ነው።

ከየት ወዴት?

ጥቁር ቢራን በእንጨት ማክረም የትናንት ፈጠራ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ፖርተር የተባለው ጥቁር ቢራ እጅግ ግዙፍ በሆኑ የእንጨት ጋኖች ውስጥ ለወራት እየቆየ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1814 በሚዩክስ ጠመቃ ቤት አንዱ ጋን ፈንድቶ ጎርፉ ስምንት ሰዎች ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ የካርልስበርግ ተመራማሪ የነበረው ክላውሰን፣ ለእንግሊዝ የከረመ ቢራ ልዩ ሽታና ጣዕም የሚሰጠውን እርሾ ለይቶ ብሬታኖማይሰስ የሚል ስም አወጣለት። ይህ እርሾ በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ሌላው እርሾ የተወውን ስኳር ቀስ ብሎ ይበላል።

ለእኛ ገበያ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የቤልጅጉ ሮደንባክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 የተቋቋመው ይህ ጠመቃ ቤት ቀይ ቡናማ ቢራውን ሁለት ዓመት ያህል የሚያከርምባቸው 294 የኦክ ጋኖች አሉት። ጋኖቹ የወይን ጠጅ በርሜሎች ባይሆኑም የሥራው ጥበብ አንድ ነው። በንግድ በኩል የሚያስተምረው ዋናው ነገር ግን ድብልቁ ነው። ተራው ሮደንባክ ሦስት አራተኛው አዲስ፣ አንድ አራተኛው የከረመ ቢራ ነው። ውዱ ግራን ክሩ ደግሞ አንድ ሦስተኛው አዲስ፣ ሁለት ሦስተኛው የከረመ ነው። ባለቤቱ ሁሉንም ቢራ ሁለት ዓመት አያስቀምጥም፤ ጥቂቱን አክርሞ ብዙውን ያጣፍጥበታል። ሮደንባክን የያዘውን የፓልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የጠቀለለው የሆላንዱ ባቫሪያ ነው። ይህ በኋላ ስዊንክልስ የተባለው ኩባንያ በደብረ ብርሃን የሐበሻ ቢራን አክሲዮን ገዝቶ የገባው ራሱ ነው። ስለዚህ ቢራን በእንጨት የማክረም እውቀት ከሀገራችን ያን ያህል የራቀ አይደለም።

በወይን ጠጅ በርሜል ብቻ ከሚሠሩት መካከል የካሊፎርኒያው ረሽን ሪቨር ይጠቀሳል። ኮንሰክሬሽን የሚባለው ጥቁር ቢራው ካቤርኔ ሶቪኞ በነበረባቸው በርሜሎች ከደረቀ ፍሬ ጋር ለወራት ይቆያል፤ የአልኮል መጠኑም 10 በመቶ ነው። ኮምጣጣ፣ ደረቅና ወይን ጠጅ መሰል ነው። ሐኪም ስታውት የለመደ ሰው መጀመሪያ ሲጎነጨው “ተበላሽቷል” ሊል ይችላል። አልተበላሸም። በተፈለገው ኮምጣጤነትና በብልሽት መካከል ያለውን ድንበር ማወቅ ግን የዚህ ንግድ ግማሹ ሥራ ነው።

ኮረፌ ያስተማረን

የሀገራችን ጠጪ ለዚህ ጣዕም እንግዳ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። በጎንደር፣ በተለይም በቅማንት ማኅበረሰብ ዘንድ የሚታወቀው ኮረፌ ለዚህ ምስክር ነው። ገብሱ ተፈትጎ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ተቆልቶ ይፈጫል። ከውሃና ከደረቀ የጌሾ ቅጠል ጋር ተደባልቆ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ወይም ድግስ ሲደርስ ከድፍድፉ ጥቂት ይወሰድና ውሃ ተጨምሮበት፣ አንድ ቀን ብቻ ተብላልቶ ይቀርባል። የከረመውን በአዲሱ የማለዘብ ጥበብ ነው። ሮደንባክ በ294 ጋኖች የሚያደርገውን የጎንደር እናቶች በአንድ ማድጋ ያደርጉታል።

ጠላም እንዲሁ ነው። የጠላን ጥቁረት የሚሰጠው የተቆላው አሻሮና የእንኩሮው መጥቆር ነው፤ ይህም ከጠማቂው ጥቁር ብቅል ጋር አንድ ሥራ ይሠራል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የእንጨት ጭስ ጓያኮል የሚባሉትን ጨምሮ ብዙ ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገሮች አሉት። በርሜል ሠሪው ሳንቃውን በእሳት ሲጠብስም የዚሁ ዓይነት ንጥረ ነገሮች ይወጣሉ። ስለዚህ በደባርቅ ጠላ ቤት ያደገ ሰው በበርሜል የከረመ ቢራ ሲቀምስ ጭሱን፣ ቁሉን፣ ምሬቱንና ኮምጣጤነቱን ከዚህ በፊት ያውቃቸዋል። አዲስ የሚሆኑበት ወይን ጠጁና እንጨቱ ብቻ ናቸው።

ልዩነቱ ያለው በዋጋው ነው። ኮረፌው የከረመበትን ሦስት ወር ማንም አይከፍልበትም፤ በጣሳ ወይም በብርሌ ተለክቶ የዕለት መጠጥ ዋጋ ይጠየቅበታል። የቤልጅጉ ጠማቂ ግን ቆይታውን በጠርሙሱ ላይ ጽፎ ይሸጠዋል።

አቀማመሱ

ቅምሻ የጌጥ ነገር ተደርጎ ይታያል። ለነጋዴ ግን ቡና ቀማሹ በጨረታ ቤት የሚሠራው ዓይነት የጥራት ምርመራ ነው። ቡና ላኪ ሳያስቀምስ እንደማይገዛ ሁሉ፣ የከረመ ቢራ አስመጪም ካርቶኑን ከፍቶ ሳይቀምስ ሙሉ ጭነት ማዘዝ የለበትም። አካሄዱ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሙቀቱ። የተለመደ ቢራ በረዶ እስኪሆን ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ ቅዝቃዜ ግን ምላስን ያደነዝዛል፣ ሽታንም ያፍናል። ይህ ዓይነቱ ቢራ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ቢቆይ ይደርሳል። በደባርቅ ከፍታ ጠርሙስ ሲከፈት የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ አረፋው ከአዲስ አበባም በላይ ይገነፍላል፤ ቀስ ብሎ መክፈትና በዘንባላው መቅዳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ብርጭቆው። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ይበቃል። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳና በብርሃን ፊት ይያዛል። ጥቁሩ ጠርዙ ላይ ወደ ቀይ ካዘነበለ በወይን ጠጁ ቀለም ሊሆን ይችላል። አረፋው ቶሎ ቢጠፋ አያስደነግጥም፤ ብዙ የከረሙ ቢራዎች አረፋቸው ደካማ ነው።

ሦስተኛ፣ ሽታው። ብርጭቆው ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያም በአጭር በአጭሩ ይሸተታል። የሚፈለጉት በአራት ይመደባሉ። ከብቅሉ የተቆላ ቡና፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ ጠርዙ ያረረ ዳቦ ይመጣል። ከእንጨቱ ቫኒላ፣ ቅርንፉድ፣ ጭስ ይመጣል። ከወይን ጠጁ ዘቢብ፣ ፕሪም፣ የደረቀ እንጆሪ ይሸታል። ከተሐዋስያኑ ደግሞ እርጎ፣ ቆዳ፣ አንዳንዴም የፈረስ ኮርቻ የሚመስል ሽታ ይወጣል። የመጨረሻው ጥቂት ሲሆን ጌጥ፣ ሲበዛ ጉድለት ነው።

አራተኛ፣ ጉርሻው። ትንሽ ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ሁሉ ማዳረስ ነው። መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ቀጥሎ ኮምጣጣው፣ ከዚያ መራራው ይመጣል። ከሁሉ በኋላ ድድንና ምላስን የሚያደርቀው የእንጨቱ ታኒን ይሰማል። ይህ ስሜት ብዙ የፈላ ሻይ ቅጠል ከሚተወው ጋር አንድ ነው። አራቱ ተመጣጥነው አንዱ ሌላውን ካልዋጠው ጠማቂው በርሜሉን በጊዜው አውጥቷል ማለት ነው። ድርቀቱ ብቻ ከቀረ ግን ብዙ ቆይቷል፤ እንጨት እየጠጡ ነው።

አምስተኛ፣ ቆይታው። ከዋጡ በኋላ ሰዓት ይመልከቱ። ተራ ቢራ በጥቂት ሰከንድ ይረሳል። ጥሩ የከረመ ቢራ ግን ከግማሽ ደቂቃ በላይ አፍ ውስጥ እየተለዋወጠ ይቆያል፤ ገዢው ተጨማሪውን ገንዘብ የሚከፍለው ለዚህ ቆይታ ነው። ከዚያም ብርጭቆውን ትቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና መቅመስ ይገባል። ሲሞቅ የተሻለ ከሆነ ዕቃው ጥሩ ነው፤ ሲሞቅ ኮምጣጤውና አልኮሉ ብቻ ከወጡ ቅዝቃዜው ሸፍኖት ነበር።

ከማሩ ወይስ ከብልሽቱ?

ለገዢ ከምርጫው በላይ የሚጠቅመው ጉድለትን መለየት ነው። የወተት ኮምጣጤነት፣ ማለትም የእርጎ ዓይነቱ፣ ለስላሳ ነው፤ አፍንጫን አይወጋም። የአሴቲክ ኮምጣጤነት ግን የሰላጣ ኮምጣጤ ነው፤ ጠርሙሱ እንደተከፈተ አፍንጫን ይወጋል። የሁለተኛው መብዛት በርሜሉ ጎድሎ ብዙ አየር እንደገባበት ያመለክታል። የእርጥብ ካርቶን ሽታ ካለ ቢራው በክፉ መንገድ አርጅቷል። የሻገተ ምድር ቤት ሽታ ካለ በርሜሉ ባዶውን ከርሞ ነበር። የቅቤ ሽታ ደግሞ መብላላቱ በአግባቡ አለመጠናቀቁን ወይም ባክቴሪያ መግባቱን ይጠቁማል።

ጉድለቱ ትልቁንም ድርጅት አይምርም። የቺካጎው ጉስ አይላንድ በውስኪ በርሜል በሚከርመው ጥቁር ቢራ በዓለም የታወቀ ነው፤ ኩባንያውን አንሃይዘር ቡሽ ኢንቤቭ እ.ኤ.አ. በ2011 በ38.8 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ባቀረበው ምርት ከፊሉ ውስጥ ያልተፈለገ ባክቴሪያ ተገኝቶ ያለ ዓላማ ኮመጠጠ። ኩባንያው ለገዢዎች ገንዘብ መመለስ ግድ ሆነበት፤ ከ2016 ምርት ጀምሮም ቢራውን በአጭር ሙቀት ማምከን ጀመረ። ዓመት የከረመ ካፒታል በአንዲት በዓይን በማትታይ ነፍስ ሊመለስ ወይም ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ሂሳቡ

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። የሚከተለው ስሌት ለማስረጃ የተወሰደ ምሳሌ እንጂ የማንም ድርጅት መዝገብ አይደለም።

225 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ተሞላ እንበል። ቢራው ሳይከርም ቢታሸግ በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 681 ጠርሙስ ይወጣዋል። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በእንጨቱ በኩል በትነትና ከታች በሚቀረው አተላ በድምሩ 10 በመቶ ቢቀንስ የሚቀረው 613 ነው። ስልሳ ስምንት ጠርሙስ ማንም ሳይጠጣው ሄደ።

በርሜሉ ውስጥ የገባው ቢራ 20,000 ብር ፈጀ እንበል። ገንዘቡ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የተበደረ ከሆነ በ18 ወር 5,400 ብር ይጨምራል። በርሜሉ 12,000 ብር ተገዝቶ ሦስት ጊዜ ቢያገለግል ለአንዱ ዙር 4,000 ብር ይደርሳል። ለምርመራ፣ ለመጋዘንና ለጉልበት 3,000 ብር እንጨምር። ድምሩ 32,400 ብር ነው፤ ለ613 ሲካፈል በጠርሙስ 53 ብር ገደማ ይሆናል። ከአሥር በርሜል አንዱ ተበላሽቶ ቢደፋ ደግሞ ዘጠኙ የአሥረኛውን ዕዳ ስለሚሸከሙ ወጪው ወደ 59 ብር ያድጋል። ሳይከርም ቢታሸግ ኖሮ በጠርሙስ 29 ብር ብቻ ነበር።

ጠርሙሱ፣ ቆርኪው፣ ማጓጓዣውና ታክሱ ሳይቆጠር ወጪው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ የኤክሳይዝ ታክስ አለ፤ ታክሱ ቢራው ሃያ ቀን ቆይቶ ወጣ ወይስ ሁለት ዓመት ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ይህን ዕቃ ከተራ ቢራ ጥቂት ብር አስበልጦ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ከመነሻው ከስሯል። ወይ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጣል፣ ወይ እንደ ሮደንባክና እንደ ኮረፌ ጥቂቱን አክርሞ ብዙውን ያጣፍጥበታል። ሁለተኛው መንገድ ካፒታሉ ውስን ለሆነ ባለሀብት የሚሻል ይመስላል።

በእጃችን ያለው

ጥሬ ዕቃውን በተመለከተ ብዙው በሀገር ውስጥ አለ። ገብሱ ከሰሜን ተራሮች ሥር እስከ አርሲና ባሌ ይበቅላል። የብቅል ፋብሪካ በአሰላ፣ በጎንደር፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ይገኛል። ነገር ግን የምግብ ገብስና የብቅል ገብስ አንድ አይደሉም። ብቅል ፋብሪካ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ ገደማ የሆነ፣ ፍሬው እኩል የሆነና ከመቶው 95 ያህሉ የሚበቅል ገብስ ይፈልጋል። በደባርቅ ገበያ ዘር ከዘር ተደባልቆ የቀረበ ገብስ ይህን ፈተና ማለፍ ይቸግረዋል። በመሆኑም የአካባቢው ገበሬና ሰብሳቢ ነጋዴ የዋጋ ጭማሪው ተካፋይ መሆን ከፈለጉ ሥራው የሚጀምረው ከበርሜሉ ሳይሆን ዘርን ከመለየትና እህልን በንጽሕና ከመያዝ ነው።

ጎንደር ላይ ስሙን ከዚሁ ተራራ የወሰደው ዳሸን ቢራ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ይጠመቃል። ወይን ጠጅን በተመለከተ አዋሽ ወይን ጠጅ ነባር ነው። በዝዋይ፣ የአሁኗ ባቱ፣ ካስቴል የራሱን ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉትን ጠጆች ለገበያ አውጥቷል። ካስቴል በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የሚያስተዳድረው የቢጂአይ ወላጅ ኩባንያ ነው። አንድ ኩባንያ በአንድ እጁ ወይን ጠጅ፣ በሌላ እጁ ቢራ ይዟል። ያገለገለ በርሜል የሚፈልግ ጠማቂም መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት የወይን ጠጅ ጠማቂዎቹን በር ነው።

ደላላው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ባዶ በርሜል እንደ ብረት በርሜል ሜዳ ላይ ተከምሮ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። ሳንቃው ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከረጠበ ይሻግታል። በተገለበጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሞላት አለበት፤ ካልሆነ በድኝ ጭስ ታጥኖ፣ ተወትፎ በጥላ መቀመጥ ይኖርበታል። ባቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጎንደር ደግሞ በስተሰሜን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቁ፣ ገዢው ሳይታወቅ በርሜል መሰብሰብ ማገዶ መሰብሰብ ነው።

ስለ ገበያውም እንዲሁ ሐቁን መናገር ይሻላል። ጥቁር ቢራ በሀገራችን ታይቶ አያውቅም ማለት አይቻልም። የሐረር ቢራ ፋብሪካ ሐኪም ስታውትን አውጥቶ ነበር። በቦሌ ቢር ጋርደን ኢን ኤቦኒ የተባለውን ጥቁር ቢራ በራሱ ጠምቆ ሲያቀርብ ቆይቷል። ሆኖም የብዙኃኑ ጠጪ ምርጫ ፈዘዝ ያለው፣ ቀዝቃዛው ቢራ ነው። በዓለም የታወቀው ጥቁር ቢራ የጊነስ ባለቤት ዲያጆ ሜታ አቦን እ.ኤ.አ. በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በ2022 ለካስቴል ሸጦ ወጥቷል። ታላቅ ስም ብቻውን ገበያ እንደማይፈጥር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በተጨማሪም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከልክሏል። አዲስ መጠጥ እንደ ድሮው በዘፈንና በዕጣ አይሸጥም። የሚቀረው መንገድ በሆቴልና በሬስቶራንት ጠረጴዛ ላይ ሰውን ማስቀመስ ነው። ለዚህ ደግሞ አስተናጋጁ ራሱ ቀማሽ መሆን አለበት። “ይህ ለምን ውድ ሆነ?” ተብሎ ሲጠየቅ አፉን ዘግቶ የሚቆም አስተናጋጅ ባለበት ቤት ጠርሙሱ አቧራ ይለብሳል።

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚመጣው ጎብኚ አንዱ ተስፋ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በደረሰው ጦርነትና ግጭት የቱሪዝሙ ገቢ ክፉኛ ተጎድቷል። ስለዚህ በጎብኚ ቁጥር ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ ባንክ ፊት አይቆምም። ለመነሻ የሚታየው ገዢ የአዲስ አበባ ሆቴሎችና በባሕር ማዶ የሚኖረው ወገን ነው።

ምን ይደረግ?

አስመጪ ከሆኑ፣ ሙሉ ጭነት ከማዘዝዎ በፊት ከሦስት የተለያዩ ጠመቃዎች ናሙና ያስመጡና ከላይ በተገለጸው መንገድ በስውር፣ ስያሜው ተሸፍኖ፣ ቢያንስ ለአምስት ሰው ያስቀምሱ። የታሸገበትን ቀን ይመልከቱ። ሞያሌ ወይም ጋላፊ ላይ ፀሐይ የመታው ካርቶን የከረመውን ጊዜ ሁሉ በሳምንት ያጠፋዋል።

ጠማቂ ከሆኑ፣ በአሥር በርሜል ይጀምሩ፤ ከአሥሩ አንዱን ለኪሳራ ይመድቡ። በየወሩ ከእያንዳንዱ ቀምሰው ይመዝግቡ። በርሜሉ የሚወጣበትን ቀን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን ምላስዎ ይሁን።

የገብስ ነጋዴ ከሆኑ ደግሞ፣ አንዱን ዘር ከሌላው ሳይደባለቁ ይሰብስቡ፤ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣም በጆንያው ላይ ይጻፉ። በዓለም ገበያ በርሜሉና ወይኑ ስም እንዳላቸው ሁሉ፣ ገብሱም የትውልድ ቦታው ሲታወቅ ነው ከኩንታል ዋጋ የሚያልፈው።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይባላል። በዚህ ንግድ የሚሸጠው ራሱ አለመቸኮል ነው። የዘመኑ ነጋዴ ገንዘቡ በሳምንት ተሽከርክሮ እንዲመለስ ይሻል፤ በዚህ የሚወቀስ አይደለም። ዓመት ከመንፈቅ የሚጠብቅ ካፒታል የሌለው ሰው ከዚህ በርሜል ቢርቅ ይሻለዋል። አቅሙና ትዕግሥቱ ያለው ግን ቅምሻውን ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ደባርቅ ላይ አንድ ጎጆ ጎራ ብሎ ከድፍድፉ የወጣውን ኮረፌ በዝግታ ይጎንጭ፤ ቁሉን፣ ጌሾውን፣ ኮምጣጤውንና የከረመበትን ጊዜ አንድ በአንድ ይለይ። ከዚያ በኋላ ሂሳቡን ይዞ ወደ በርሜሉ ቢሄድ ምን እየገዛ እንደሆነ ያውቃል።